ከቁም ሣጥኑ በስተ ኋላ፤ በቤት ውስጥ የተሸሸገ ሻጋታን ስለ መመርመር
(በሀዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ከዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ታላላቅ ነገሮች ነው፤ ስለ ታሪክ፥ ስለ ቋንቋ፥ ስለ አገር እድገት። የእኔ ርእስ ግን ከቁም ሣጥን በስተ ኋላ ያለ ነገር ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ላይ አንድ ሁለት ሰዎች ሲሥቁ ሰምቻለሁ፤ አልቀየምም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬ እሥቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን ከግቢ ውጭ አንድ ክፍል ተከራየን። ክፍሉ አዲስ ቀለም የተቀባ፥ ወለሉም በላስቲክ ምንጣፍ የተሸፈነ ስለ ነበር በዋጋውም በመልኩም ደስ ብሎን ገባን። ክረምቱ ከገባ በኋላ ከሦስታችን አንዱ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባለ። ቀጥሎ «የሐይቁ ንፋስ ነው» ተባለ። ዝንጅብል ተፈላለት፥ ፌጦ ተበጠበጠለት፥ ዳማ ከሴ ታሸለት። ከሐኪም ቤትም መድኃኒት ተሰጠው። ለእረፍት ወደ ቤተ ሰቦቹ በሄደ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ሳሉ ተወው፤ ተመልሶ በመጣ በሳምንቱ ደግሞ ያዘው። ይኸ መሄድና መመለስ ብዙ ሊነግረን ይገባ ነበር፤ እኛ ግን የሚሰማ ጆሮ አልነበረንም። አንድ ቀን የጠፋ ቁልፍ ስንፈልግ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ሳብ ብናደርገው፥ ከበስተ ኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ አንሥቶ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁርና አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ መስሎ አገኘነው። ሽታው አሁንም በአፍንጫዬ አለ።

የቤቱ ባለቤት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይኸን መናገር ይገባኛል። ግድግዳው ሲጠቁር አይተው፥ እኛ ከመግባታችን በፊት በገዛ ገንዘባቸው ቀለም አስቀብተውልን ነበር። ያደረጉት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ስሕተቱም የሁላችን ስለ ሆነ ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት።

እንግዲህ ሻጋታ ምንድን ነው? እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መሶብ ውስጥ ሦስትና አራት ቀን የቆየ እንጀራ ጠርዙ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ያበቅላል፤ ከዚያም ነጩ ወደ አረንጓዴና ወደ ጥቁር ይለወጣል። በግድግዳ ላይ የሚበቅለውም የዚያው ወገን ነው። ዘሩ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ስለ ሆነ በየትም አየር ውስጥ አለ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥም ይኸን ጊዜ እየተነፈስነው ነው። ስለዚህ «ሻጋታው ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ የለውም። የሚጠቅመው ጥያቄ «የሚጠጣውን ውኃ ከየት አገኘ?» የሚለው ነው። ምግቡ ሞልቷል፤ እንጨት፥ ጭድ፥ ወረቀት፥ ጨርቅ፥ የተጠራቀመ አቧራ ሁሉ ይስማማዋል። ሙቀቱም እኛን የሚስማማን ሙቀት ነው። የሚቸግረው ውኃ ብቻ ነው። የራሰ ነገር በሃያ አራት ወይም በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ዘሩ ሥር ይሰዳል። እንግዲህ ሻጋታ የሚፈልግ ሰው ውኃ ፈላጊ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፤ የቀረው ንግግሬ በሙሉ ከዚህ ይወጣል።

ቤትን ለዚህ ጉዳይ መመርመር የዛሬ ሰዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ከመካከላችሁ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈ ሥርዓት አለ። ባለቤቱ በቤቴ ደዌ መሳይ ነገር አይቻለሁ ብሎ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ እንዲደረግ ያዝዛል። ከዚያም ገብቶ በግንቡ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነገር እንዳለ፥ እርሱም ከግንቡ ፊት ወደ ውስጥ የጠለቀ እንደ ሆነ ይመለከታል። ቤቱን ሰባት ቀን ዘግቶ ተመልሶ ያያል። ሰፍቶ ቢያገኘው ድንጋዮቹ ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ቤቱ በውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፤ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይታደሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ቤቱ ይፈርሳል። ያ ደዌ ዛሬ ሻጋታ የምንለው ይሁን ሌላ፥ ክርክሩን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ምርመራው ግን ዛሬም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም። ዕቃ ማውጣት፥ ጥልቀቱን ማየት፥ ቆይቶ ተመልሶ ማየት፥ ነቅሎ ማደስ፤ ይኸ ሁሉ አለበት። ሳይፋቅ ቀለም ይቀባ የሚል ቃል ግን በምዕራፉ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ሀዋሳ ልመለስ። ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ በሚሆን ስፍራ፥ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች ናት። ሐይቁ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ስለዚህ ዝናብ በበዛ ዘመን ውኃው ከፍ ይላል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ከፍ ብሎ በዳርቻው ያሉትን አስጨንቆ ነበር። ከሐይቁ አጠገብ ባሉት ሰፈሮች መሬቱን ጥቂት ቢቆፍሩት ውኃ ይገኛል። አንዳንድ ሰው ይኸን እንደ በረከት ብቻ ይቈጥረዋል፤ ለግድግዳ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኩራዝ ያያችሁ ሁሉ ክሩ ላምባውን እንዴት ወደ ላይ እንደሚስበው ታውቃላችሁ። ግድግዳም እንደ ኩራዝ ክር ነው። ብሎኬትም ሆነ ጭቃ በውስጡ እጅግ ብዙ ደቃቅ ቀዳዳዎች ስላሉት እግሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተተከለ ውኃውን እየሳበ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በአገራችን ብዙ ብሎኬት የሚሠራው ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ይኸውም ድንጋይ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳው የበዛ ነው። ብልህ ግንበኛ በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ውኃ የማያሳልፍ ነገር፥ ካትራም የተቀባ ወይም ወፍራም ላስቲክ፥ ያስገባል። ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀረው ግን ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ ካለቀ በኋላ መኖር አለመኖሩን ማንም አያየውም።

ስለ አባቶቻችን ቤት አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራው የሲዳማ ቤት አየር ያሳልፋል፤ በውስጡም እሳት ይነድዳል። ጭሱ ጣሪያውን ሲያደርቀው ይኖራል። የዶርዜ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እግሩን ምስጥና እርጥበት በበላው ቁጥር ከታች እየተቈረጠ፥ ቁመቱ እያጠረ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይኸን ስል ወደ ጭስ ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ያ ጭስ የስንቱን እናት ዓይንና ሳንባ እንደ ጎዳ እናውቃለን። የምለው ይኸን ብቻ ነው፦ እሳቱን አውጥተን፥ ጣሪያውን በቆርቆሮ፥ ግድግዳውን በሲሚንቶ፥ መስኮቱን በመስታወት ስንዘጋ፥ ቀድሞ ጭሱና ነፋሱ ይሠሩት የነበረውን የማድረቅ ሥራ ለማንም ሳንሰጠው ቀረን። ሰው ሲተኛ በየሰዓቱ በግምት አርባ ግራም ያህል ውኃ በትንፋሹና በላቡ ያወጣል። አራት ተማሪዎች በአንድ ክፍል መስኮት ዘግተው ስምንት ሰዓት ቢተኙ ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ወደ አየሩ ጨመሩ ማለት ነው። በዚያ ላይ የታጠበ ልብስ በገመድ ተሰጥቶ፥ በኤሌክትሪክ ምድጃም ሽሮ ይንተከተካል። ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል፤ ከቆርቆሮው ሥር፥ ከውጭው ግድግዳ ጥግ፥ ከቁም ሣጥኑ ኋላ።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል? የሚያስፈልገው መሣሪያ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባትሪ፥ አንድ ብር ሳንቲም፥ ምስማር፥ ነጭ ጨርቅ፥ ጥቂት ላስቲክና ማጣበቂያ፥ እርሳስና ደብተር ይበቃል። ሰዓቱ ግን ወሳኝ ነው። ማለዳ፥ መስኮት ሳይከፈት መሆን አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አፍንጫ ነው፤ ግን የእናንተ አፍንጫ አይደለም። በቤቱ የሚኖር ሰው ሽታውን ለምዶታል። ስለዚህ ሌሊቱን በሌላ ቤት ያደረ ጓደኛ ጥሩና በሩ እንደ ተከፈተ ምን ይሸታል በሉት። የራሰ አፈር፥ ያረጀ ጆንያ ይሸታል ካለ ፍለጋውን ጀምሩ። እኛን ሊጠይቅ የሚመጣ አንድ ጓደኛችን ሁልጊዜ «ክፍላችሁ ድንች ድንች ይላል» እያለ ይቀልድብን ነበር። ቀልድ አልነበረም።

ፍለጋው ከውጭ ይጀመር። ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩት። አሸንዳው ተቀድዶ ወይም በቅጠል ተደፍኖ ውኃው በግድግዳው ላይ ይወርዳልን? በግድግዳው ሥር አፈር ተከምሮ ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ብሏልን? አበባ ተተክሎ በየማታው ውኃ ይጠጣልን? የልብስ ማጠቢያው ውኃ የሚደፋው የት ነው? እኔ ከዚያ ወዲህ የተመለከትኋቸው ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ከግማሽ በሚበልጡት ነገሩ የተገኘው ገና ወደ ውስጥ ሳይገባ ነው። የእኛም እንደዚሁ ነበረ። የጊቢው ሰው ሁሉ ልብስ የሚያጥበው ከእኛ ግድግዳ ጀርባ ሲሆን፥ የተደፋው ሁሉ መሄጃ አጥቶ ከመሠረቱ ሥር ይሰርግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ዕቃውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቁ። ባትሪውን ፊት ለፊት አታብሩ፤ ከግድግዳው ጋር አስተካክላችሁ በጎን አብሩት። ያን ጊዜ ያበጠ ቀለምና የተነሣ ልስን ጥላ እየጣለ ራሱን ያሳያል። ጥርጣሬ ያለበትን ቦታ በሳንቲም ቆርቆር አድርጉ፤ ልስኑ ከግንቡ ተላቆ እንደ ሆነ ድምፁ እንደ ባዶ ቅል ይሆናል። እንጨት ከሆነ፥ የበሩን መቃን እግርና የመስኮቱን ደፍ በምስማር ወጋ አድርጉት፤ ምስማሩ ያለ ችግር ከገባ በስብሷል።

የእርጥበቱ ቅርጽ ውኃው ከየት እንደ መጣ ይናገራል። ከወለሉ ጀምሮ እንደ ቀሚስ ጥለት ዙሪያውን እኩል የወጣ፥ በላዩም ነጭ ጨው የተቀመጠበት፥ ከመሬት የተሳበ ነው። ከላይ የመጣ፥ በኮርኒሱ ላይ እንደ ቡና ስኒ ክብ እየሠራ ቡናማ ጠርዝ ያለው፥ ከጣሪያ ምስማር የገባ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይሰፋል። በግድግዳው መካከል ብቻውን ታየ፥ በበጋም በክረምትም ሳይለወጥ የኖረ፥ የቧንቧ ነው። በጥግና በቁም ሣጥን ኋላ በነጠብጣብ የተበተነ፥ ወለሉም ጣሪያውም ደረቅ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሌላ ሰው አትክሰሱ፤ የእናንተው ትንፋሽና የሽሯችሁ እንፋሎት ነው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥርጣሬ ያለው ሰው አንድ ቀላል ፈተና አለለት። ሁለት እጅ ያህል የሚሰፋ ላስቲክ በግድግዳው ላይ አራቱን ጠርዝ አጥብቆ ይለጥፍና ሁለት ቀን ይተወው። ጠሉ በላስቲኩ ፊት፥ ወደ ክፍሉ በኩል፥ ከታየ ውኃው ከክፍሉ አየር ነው። በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ግን ግድግዳው ራሱ ውኃ ተሸክሟል። ለቧንቧም እንዲሁ አንድ ዘዴ አለ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍና ጧት ማንም ሳይነካው መመልከት ነው። ቁጥሩ ከሄደ ውኃው በድብቅ የሚፈስበት ስፍራ አለ። ውኃ በጠፋበት ሌሊት ይኸን ፈተና አድርጎ «ቤቴ ደኅና ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ፤ እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው ለሁለት ቀን ተደስቻለሁ።

ተሸሽጎ የሚኖርባቸውን ቦታዎች በዝርዝር ብናገር ይመሻል። ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ። አንደኛው የላስቲክ ምንጣፍ ነው። ከላይ ያምራል፥ በጨርቅ ይወለወላል፤ ከሥሩ ግን የሚወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ጥጉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩት፥ አሽትቱትም። ሁለተኛው በቀድሞ ቤቶች ያለው የአቡጀዲ ወይም የጆንያ ኮርኒስ ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ጠል በጨርቁ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ላይ የአይጥና የአቧራው ክምችት አለ። ሦስተኛው የተለጠፈ ግድግዳ ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ጋዜጣ በዱቄት ሊጥ በተለጠፈበት ቤት ነው፤ እኔ ፊደል የለየሁት ከዚያ ላይ ስለ ሆነ ክፉ ልናገረው አልወድም። ነገር ግን ወረቀትና ሊጥ ለሻጋታ የተሰናዳ ማዕድ ነው። የዛሬው የሚያብረቀርቅ የግድግዳ ወረቀትም ከዚያ የተለየ ነገር አይደለም።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖሩ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚያ ፎቆች የእኔ ቤት ውኃ የጎረቤቴ ጣሪያ ነው። ከላይ ያለው መታጠቢያ ቤት ወለሉ በደንብ ካልታሸገ፥ ሻጋታው የሚወጣው ከታች ባለው ሰው ኮርኒስ ላይ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ምንም አያይም፥ ስለዚህም አያምንም። ጠብ ከመነሣቱ በፊት ባለሙያዎች የሚያደርጉትን ማድረግ ይቻላል። ከላይ ባለው መታጠቢያ ወለል ላይ ቀለም የገባበት ውኃ ጥቂት አቁሮ፥ ከታች ሆኖ መጠበቅ ነው። ቀለሙ ከታየ ክርክሩ አለቀ።

የጠቈረ ሁሉ ሻጋታ አይደለም፤ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሻማና የምድጃ ጥላሸት ግድግዳን ያጠቁራል። ነጭ ዱቄት የመሰለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃው ይዞት የወጣው ጨው ነው፤ ጠብታ ውኃ ሲነካው ይሟሟል፥ ሻጋታ ግን አይሟሟም። ለጥቁሩ፥ በውኃ የቀጠነ በረኪና በጨርቅ ነካ አድርጉበት። በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ ጠቈረ ከቀረ ጥላሸት ወይም እድፍ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ጥቁሩ ሻጋታ ይገድላል» የሚል ወሬ ሰምታችኋል። የወሬው አንዱ ምንጭ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 እና በ1994 ሕፃናት ከሳንባቸው ደም በፈሰሳቸው ጊዜ የተደረገው ምርመራ ነው። በመጀመሪያ ነገሩ በአንድ ጥቁር ሻጋታ ተሳበበ፤ በ2000 ግን የዚያው አገር የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ማስረጃውን እንደ ገና መርምሮ ግንኙነቱ አልተረጋገጠም አለ። ስለዚህ በቀለሙ አትደንግጡ፥ በቀለሙም አትጽናኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ፥ በእርጥብና በሻገተ ቤት የሚኖሩ ሰዎች የመተንፈሻ አካል ሕመምና አስም እንደሚበዛባቸው ገልጿል፤ ይኸን ያህል ሻጋታ ጉዳት የለውም የሚል የቁጥር ልክ ግን አልሰጠም። ይልቁንስ እርጥበቱ ይወገድ ነው ያለው። እንግዲህ ዓይነቱንና ቁጥሩን ለማወቅ ገንዘብ ከማውጣት አሸንዳ መጠገን ይበልጣል።

በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የሆነውን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አዋብ ኢሻቅ የሚባል የሁለት ዓመት ሕፃን፥ ወላጆቹ ከጎረቤታችን ከሱዳን የሄዱ፥ በታኅሣሥ 2020 በፈረንጆች አቆጣጠር ሞተ። በኅዳር 2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለ ሥልጣን በቤቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የኖረበት ሻጋታ መሆኑን ወሰነች። አባቱ ገና በ2017 አመልክቶ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባው የሚል ነበር። ከዚህ የተነሣ አከራዮች እርጥበትንና ሻጋታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ድንጋጌ በሕፃኑ ስም ተጠርቶ በ2023 ሕግ ውስጥ ገባ። ያ አገር ሀብታም ነው፥ ሐኪሙም ኢንጂነሩም ሞልቶታል። መልሱ ግን የእኛ የቤት ባለቤት ከሰጡን መልስ ጋር አንድ ነበረ። ይኸን ባነበብሁ ጊዜ የጓደኛዬ ሳል ትዝ አለኝ፤ እንደ ቀልድ ያሳለፍናቸውንም ወራት ቈጠርሁ።

ከተገኘ በኋላስ ምን ይደረግ? ውኃው ሳይቆም ምንም አይደረግ። ውኃው ከቆመ በኋላ፥ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ካሬ የማይበልጥ እንደ ሆነ በገዛ እጅ ይጸዳል። በደረቁ መጥረግ ግን ክልክል ነው፤ በደረቁ የጠረገ ሰው ዘሩን በክፍሉ ሁሉ ዘራው። መጀመሪያ ማርጠብ፥ አፍና አፍንጫን መሸፈን፥ ጓንት ማድረግ፥ መስኮት መክፈት፥ በሳሙናና በውኃ ማሸት፥ ከዚያም ፈጽሞ ማድረቅ ነው። አስም ያለበት ሰው በዚያ ቀን ከቤት ይውጣ። በረኪና ለሴራሚክና ለመስታወት ይረዳል፤ ወደ ጭቃና ወደ ልስን ውስጥ ግን ብዙ አይዘልቅም፥ ላዩን አንጥቶ ሥሩን ይተዋል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከአሞንያ ጋር ማደባለቅ መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና ማንም እንዳይሞክረው። ልስኑ ውስጡ ከሻገተ ይፋቅ፤ ፍራሽና ኮርኒስ ጨርቅም ከበሰበሰ ይጣል። ዕጣን ማጨስ ሽታውን ለአንድ ሰዓት ያስረሳል፤ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም። ኖራ ግን ላመስግን። አባቶቻችን ግድግዳ በኖራ ሲያነጡ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ኖራ ለሻጋታ የሚያቃጥል ነገር ነው፥ ግድግዳውንም እንደ ዘይት ቀለም አያፍነውም።

ለተከራዮች አንድ ምክር አለኝ። ባለቤቱን በነገር አትግጠሙ። የግድግዳውን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ያዙ፥ የላስቲኩን ፈተና አሳዩ፥ ከዚያም ቀለም አስቀቡልን አትበሉ፤ የሚፈሰውን ውኃ መንገድ እናብጅለት በሉ። የእኛ ባለቤት መጀመሪያ «እናንተ ልጆች መስኮት አትከፍቱም» ብለው ተቈጡ፤ ግማሹ እውነት ነበረ። ላስቲኩን ባዩ ጊዜ ግን ዝም አሉ። በሳምንቱ እኛ ቆፈርን፥ እርሳቸው ሲሚንቶውን ገዙ፤ ከማጠቢያው እስከ ጎዳናው ቦይ ድረስ ስምንት ሜትር የምትሆን መፋሰሻ ሠራን። ልስኑንም እስከ ወገብ ፍቀን፥ በጋው እስኪያደርቀው ድረስ ራቁቱን ተውነው። ጓደኛዬ ዛሬ ከእናንተ ጋር ተቀምጧል፤ ይኸን ያህል ጊዜ ስናገር ሲያስል ሰምታችሁት እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

ወደ አዳራሹ ስገባ አንድ መምህር ለሻገተ መጽሐፍ ምን ይደረግ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ በዚያ ላብቃ። መጽሐፉን ከሌሎቹ ለዩት፥ እስኪደርቅ ድረስም አትጥረጉት። በጥላና በነፋስ፥ ቅጠሎቹን ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ብዙ ከመታው ወረቀቱ ይሰነጠቃል፥ ቀለሙም ይሄዳል። ፈጽሞ ሲደርቅ ከቤት ውጭ፥ ነፋሱ ከጀርባችሁ ሲመጣ፥ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። የመጽሐፍ መደርደሪያችሁንም በውጭው ግድግዳ ላይ አታስጠጉት። የገዳማት መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ሆነው በግድግዳው ችካል ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠሉ አይታችሁ ይሆናል። ከመሬት የራቁ ናቸው፥ ነፋስም በዙሪያቸው ይመላለሳል። መምህሩ መደርደሪያ ከመግዛታቸው በፊት ችካሉን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።